ያጸዳነው ዳርቻ በሁለት ሳምንት ተመልሶ ከቆሸሸ ልፋቱ ምን ዋጋ አለው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የአንድ በጎ ፈቃደኛ ቡድን አስተባባሪ ናቸው። ቡድኑ ከአንድ ዓመት ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ አንድ ኪሎ ሜትር ግድም የሚሆን የባሕር ዳርቻ ያጸዳል። የመጀመሪያው ቀን 43 ጆንያ ሞልቷል፤ አሁን በየወሩ 11 ወይም 12 ጆንያ ይወጣል። «ባጸዳን በሁለት ሳምንቱ ዳርቻው እንደነበረው ይሆናል። አንድ ወዳጄ ‹ባሕርን በማንኪያ ጨልፋችሁ ልትጨርሱ ነው?› እያለ ይስቅብናል። የሚመጣው ሰውም እየሳሳ ነው። እውነት ልፋታችን ፋይዳ አለው? ካለውስ ምን እናስተካክል? የለቀምነውንስ የት እናድርሰው?» ይላሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ የለስላሳ መጠጥ አምራች ካናቴራና ጓንት ልስጣችሁ እንዳላቸው ጠቅሰው እንቀበል ወይ ብለዋል።

ከወዳጅዎ ልጀምር፤ በሒሳቡ አልተሳሳተምና። በ2015 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የታተመ ብዙ የሚጠቀስ ጥናት፣ የባሕር ጠረፍ ካላቸው 192 አገሮች በ2010 ብቻ ከ4.8 እስከ 12.7 ሚሊዮን ቶን ፕላስቲክ ወደ ውቅያኖስ እንደገባ ገምቷል። በዚህ ፊት የእናንተ 11 ጆንያ ጠብታም አይባል። እንዲህ ያለ ቁጥር ይዞ ለሚመጣ ሰው «ጠብታም ሲጠራቀም ባሕር ይሆናል» ብዬ አልመልስም፤ አይሆንማ።

ነገር ግን የእናንተ ማንኪያ የገባው ባሕር ውስጥ አይደለም። የምታጸዱት ዳርቻውን ነው፤ ዳርቻና ባሕር ደግሞ ለፕላስቲክ አንድ ዓይነት ቦታ አይደሉም። ልፋታችሁ ፋይዳ አለው የምለው በዚህ ምክንያት ነው። አሠራራችሁ ግን ይለወጥ ባይ ነኝ። ሰፊውን በወር አንዴ ከማዳረስ ጠባቡን ቶሎ ቶሎ ልቀሙ፣ የለቀማችሁትንም ቁጠሩ። ከዚህ በታች የምጽፈው ለምን እንዲህ እንዳልሁ ነው።

ብዙ ሰው ወደ ባሕር የገባ ፕላስቲክ ሁሉ ወደ መሐል ተጉዞ ያ ስሙ የገነነው የሰላማዊ ውቅያኖስ «የቆሻሻ ደሴት» ላይ የሚያርፍ ይመስለዋል። (ደሴት እንኳን አይደለም። ቆሻሻው እጅግ ሰፊ ቦታ ላይ ስለተበተነ ላዩ ላይ መቆም ቀርቶ፣ ብዙ ጊዜ ከመርከብ ላይ ሆነው ሲያዩት ያው ውኃ ነው።) በ2021 የወጣ ስሌት ግን ከየብስ ከገባው ተንሳፋፊ ፕላስቲክ ቢያንስ 77 በመቶው በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ወይ ዳርቻ ላይ ወድቆ ወይ እዚያው ጠረፉ አጠገብ ሲንሳፈፍ እንደሚቆይ አሳይቷል። ባሕሩ ይተፋዋል፣ መልሶ ይወስደዋል፣ ደግሞ ይተፋዋል።

ዳርቻ ላይ ሲያርፍም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ውኃ ውስጥ ያለ ፌስታል ብርዱ አለለት፣ ላዩን የሚለብሰው አረንጓዴ ልባስም ከፀሐይ ይጋርደዋል። አሸዋ ላይ ግን ፀሐዩ ቀጥታ ነው፤ አልትራቫዮሌት የተባለው የብርሃኑ ክፍል ፕላስቲኩን አያይዞ የያዘውን ረጅም ሰንሰለት እየቆራረጠ ያደርቀዋል፣ የአሸዋው ግለት ያፋጥነዋል፣ ሞገዱ ደግሞ ከአሸዋ ጋር ያሸዋል። ለፕላስቲክ ዳርቻ ማለት ወፍጮ ነው። ማይክሮፕላስቲክ የምንለው ከአምስት ሚሊ ሜትር ያነሰ ስብርባሪ በብዛት ከሚመረትባቸው ቦታዎች አንዱ እዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት ቁጥቋጦ ሥር የተጋደመ ነጭ ፌስታል አይቼ በአንድ ጆሮው ላነሣው ሞከርሁ። ጆሮው እጄ ላይ ቀረ። ሁለተኛውን ያዝሁ፣ እሱም መጣ። ሆዱን በሁለት መዳፌ ላቅፈው ስል እንደ ደረቀ ቅጠል ተንኮሻኩሾ ተበተነ፤ ግማሹን ነፋስ ወሰደው። የቀረውን ብጥስጣሽ በእርጥብ ጣቴ እየነካሁ ሩብ ሰዓት ያህል ብለቅም አንድ ስኒ አልሞላም። ጥቂት ወራት ቀድሞ ያገኘው ሰው ቢኖር አንድ ጊዜ ጎንበስ ማለት ይበቃው ነበር። እንግዲህ የጽዳት ትርፉ እዚህ ላይ ነው፤ ሙሉውን ዕቃ ስብርባሪ ሳይሆን መቅደም። በኪሎ ብቻ የሚለካ ሰው ይህን አያየውም። አንድ የረጠበ የመርከብ ገመድ ከሺህ ፌስታል ይከብዳል፤ ለመፍጨት ግን ፌስታሉ ይቀድማል።

ሁለተኛው አደጋ መቀበር ነው። በሕንድ ውቅያኖስ በሚገኙት የኮኮስ ደሴቶች ላይ የተደረገና በ2019 የታተመ ቆጠራ 414 ሚሊዮን ቁራጭ፣ በክብደት 238 ቶን የሚሆን ቆሻሻ እንዳለ ገምቷል፤ ከዚያ ውስጥ 93 በመቶው ከአሸዋው ሥር ባለው አሥር ሳንቲ ሜትር ውስጥ የተቀበረ ነበር። የተቀበረውን በእጅ አውጥቶ የሚጨርስ ቡድን አላየሁም።

በኪሎ ሚዛን ላይ የማይታይ ሌላም ነገር አለ። ቀንድ አውጣ በተወው ቅርፊት ውስጥ የምትኖረውን ሸርጣን ታውቋት ይሆናል። አፉ ወደ ላይ ዘንበል ብሎ የተጋደመ ጠርሙስ ውስጥ ትገባለች፤ ግድግዳው ያንሸራትታታልና መውጣት አትችልም። ስትሞት የሚወጣው ሽታ ለቀሩት «ባዶ ቤት ተገኘ» የሚል ጥሪ ነው፤ ቅርፊት ፍለጋ ይመጣሉ፣ እነሱም ይገባሉ። በእነዚሁ የኮኮስ ደሴቶችና በሰላማዊ ውቅያኖስ በምትገኘው የሄንደርሰን ደሴት የሠሩ ተመራማሪዎች በአንድ ዕቃ ውስጥ ብቻ 526 ሸርጣን ቆጥረዋል። ለዚያ ጠርሙስ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ነበር፤ የዓለም ውቅያኖስ ስንት ሚሊዮን ቶን ቢይዝ ለእነዚያ ሸርጣኖች ልዩነት የለውም።

አሁን ወደ ጆንያዎቻችሁ። 43 የነበረው 11 ሆኗል ብለው ጽፈው፣ ዝቅ ብለው ደግሞ «ዳርቻው እንደነበረው ይሆናል» ይላሉ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ዓይን በጣም መጥፎ ሚዛን ነው፤ ሃያ ነጭ ፌስታል ንጹሕ አሸዋ ላይ ሲበተን ከሁለት መቶ ቡናማ ስብርባሪ በላይ ያስከፋል። የመጀመሪያው ቀን ያነሣችሁት የዓመታት ክምችት ነው፤ አሁን የምታነሡት የወሩን ገቢ ነው። ዋናውን ዕዳ ከፍላችሁ ወለዱ ላይ ደርሳችኋል ማለት ነው፤ ወለዱ የማያልቀው ዕዳው ስላልተከፈለ ሳይሆን አበዳሪው አሁንም እያበደረ ስለሆነ ነው።

ይሁን እንጂ 11ዱም ጆንያ የወሩ ሙሉ ገቢ አይደለም። በየቀኑ የሚለቀም አንድ ዳርቻና በወር አንዴ የሚለቀም ተመሳሳይ ዳርቻ ቢነጻጸሩ፣ የወሩ ድምር በየቀኑ በሚለቀመው ላይ ይበልጣል። ይህ በተለያዩ ቦታዎች በተደጋጋሚ የታየ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እናንተ እስክትመጡ ድረስ ከወደቀው ውስጥ ከፊሉን ባሕሩ መልሶ ወስዶታል፣ ከፊሉ ተቀብሯል፣ ከፊሉን ነፋስ ወደ ቁጥቋጦ ገፍቶታል። ስለዚህ ለ30 ቀን የቆየውን ኪሎ ሜትር ከምትለቅሙ፣ 100 ሜትሩን በየሦስት ቀኑ መልቀም በአንድ ሜትር የሚይዘው ዕቃ ይበዛል፤ የሚይዘውም ገና ሙሉ ሳለ ነው። ለዚህ ደግሞ ስድሳ ሰው አያስፈልግም። አጠገቡ የሚኖሩ ስድስት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተራ ቢገቡ፣ ለአንድ ተራ ግማሽ ሰዓት በቂ ነው። ሰው እየሳሳ ነው ላሉትም ይህ ይረዳል ብዬ አስባለሁ፤ የቅዳሜውን ትልቅ ዘመቻ በሦስት ወር አንዴ አድርጉትና እንደ በዓል ይሁን።

100 ሜትር ያልሁት ከሜዳ አንሥቼ አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ያሉ አገሮች የዳርቻ ቆሻሻን የሚከታተሉት በዚሁ ርዝመት ነው። ሁለት የማይነቃነቅ ምልክት ምረጡ፤ አለት፣ ምሰሶ፣ የግንብ ጥግ። ሁልጊዜ ያው ሁለት ምልክት ይሁን። ባሕሩ ሞልቶ መሸሽ ሲጀምር ሂዱ፤ ያን ጊዜ ውኃው ትቶት የሄደው የአረምና የቆሻሻ መስመር ገና እርጥብ ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ ውኃውም ከኋላ አይመጣባችሁም።

ስለ መቁጠር ትንሽ ረዘም ላድርገው። ብዙ ቡድን የሚዘለው እሱን ነውና፤ እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዘለው ነበር። በ1986 ሊንዳ ማራኒስ የተባለች ሴት ቴክሳስ ውስጥ 2,800 በጎ ፈቃደኞች አሰባስባ 124 ቶን ቆሻሻ ከዳርቻ አስነሣች። ዛሬ በየዓመቱ በሴፕቴምበር አጋማሽ በብዙ አገር የሚደረገው ዓለም አቀፍ የዳርቻ ጽዳት ከዚያ ነው የተነሣው። ከ124ቱ ቶን ይልቅ ዘላቂ የሆነው ግን በየሰዉ እጅ የነበረው ወረቀት ነው፤ ያነሡትን ሁሉ በዓይነቱ እየጻፉ ነበር። ቆሻሻው ከተጣለበት ጠፍቷል፤ ዝርዝሩ ግን በየዓመቱ ሲቀጠል እስከ ዛሬ አለ። ለምሳሌ በ2019ኙ ቆጠራ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሲጋራ ቁራጭ አንደኝነቱን ለብስኩትና ለከረሜላ ዓይነት መጠቅለያ ለቀቀ፤ 4.7 ሚሊዮን መጠቅለያ፣ 4.2 ሚሊዮን የሲጋራ ቁራጭ። (የሲጋራ ፊልተር ጥጥ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ሴሉሎስ አሲቴት የተባለ ፕላስቲክ ነው።)

ወረቀቱ ሕግ እስከ መሆን ይደርሳል። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ያወጣው የአንድ ጊዜ ፕላስቲክ መመሪያ ምን ይከልከል የሚለውን የመረጠው ዳርቻ ላይ በተቆጠረው ዝርዝር ነው። ከጁላይ 3 ቀን 2021 ጀምሮ የፕላስቲክ ስትሮ፣ ሳህን፣ ሹካና ማንኪያ፣ የጆሮ ጥጥ እንጨት ከገበያ ወጡ። ከ2024 ጁላይ ጀምሮ ደግሞ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን ከጠርሙሱ እንዳይለይ ተያይዞ እንዲሠራ ተገደደ። ያ ሲጠጡ አፍንጫ የሚነካው ክዳን ብዙ ሰው ያማርራል፤ መነሻው ጎንበስ ብሎ ክዳን የቆጠረ ሰው ነው።

እስቲ በክዳኑ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ቆጠራ ምን እንደሚናገር ያሳያልና። ዝርዝራችሁ ላይ ምናልባት ለአንድ የውኃ ጠርሙስ ሰባት ስምንት ክዳን ታገኙ ይሆናል። ሰው ክዳን ብቻ ስለሚጥል አይደለም። ጠርሙሱ የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ፔት የሚሉት፣ ንጹሕ ውኃን 1 ብንለው፣ እፍጋቱ 1.38 ገደማ ነው፤ የባሕር ውኃ 1.025 ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ከተከፈተ ውኃ ገብቶበት ይሰምጣል። ክዳኑ ከሌላ ዓይነት፣ ከውኃ ከቀለለ ፕላስቲክ ነውና ይንሳፈፋል፣ እናንተ ዘንድ ይመጣል። እያንዳንዱ ብቸኛ ክዳን ታች የቀረ ጠርሙስ ደረሰኝ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ጊዜ አብሬው የሠራሁት ቡድን በየሳምንቱ አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር የምትሆን፣ ክብሪት የምታክል ነጭና ሰማያዊ ዘንግ በብዛት ያገኝ ነበር። የከረሜላ እንጨት ነው ብለው «ቆሻሻ አትጣሉ» የሚል ሰሌዳ ለልጆች መጫወቻው ሜዳ አቆሙ። አንዷን አንሥቼ ጫፏን በመነጽር ሳይ ጥርስ የመሰለ ቦረቦር አላት፤ ጥጥ የሚጠቀለልበት። የጆሮ ጥጥ ነበረች። የጆሮ ጥጥ ዳርቻ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠቀም ሰው የለም፤ ሽንት ቤት ውስጥ ተጥሎ፣ በፍሳሽ ማጣሪያው ቀዳዳ ሾልኮ ነው የሚመጣ። ዝናብ በጣለ ማግስት ቁጥሩ ሦስት እጥፍ ይሆን እንደነበር ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ፍሳሹ ሞልቶ ሳይጣራ ሲለቀቅ ማለት ነው። ሰሌዳው ተነሣ፣ ደብዳቤው የፍሳሽ ማጣሪያውን ወደሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ተጻፈ፤ አባሪው የአሥር ወር ቆጠራ ነበር። ስሜት የሞላበት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ይቀራል፤ ቁጥርና ቀን የያዘውን ግን መሥሪያ ቤቱ ዝም ለማለት ይቸገራል።

ዕቃው ከየት እንደመጣ ራሱ ይናገራል፣ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩት። ነጫጭ ቅርፊት ያላቸው ተጣባቂ እንስሳት ከለበሱት ባሕር ላይ ቆይቷል፤ ከሩቅ ነው። ጠርዙ ላይ የሦስት ማዕዘን ንክሻ ካለ ዓሣ ወይም ኤሊ ሞክሮታል። የመጠቀሚያ ጊዜው የታተመበት ጠርሙስ ከሆነና ቀኑ ገና ካላለፈ ጎረቤት ሳይሆን አይቀርም። ይህ ልዩነት ጥቅም አለው፤ ጎረቤት የሆነውን በአካባቢ ሥራ ማስቆም ይቻላል፣ ከሩቅ የመጣውን ግን እያነሡ መመዝገብ እንጂ ሌላ ብዙ የምታደርጉት የለም።

ጎረቤቱ ብዙ ጊዜ ወንዝ ወይም የጎርፍ ቦይ ነው። «ከውቅያኖስ ፕላስቲክ ዘጠና በመቶው ከአሥር ወንዞች ነው» የሚል ነገር ሰምተው ይሆናል፤ በ2017 የወጣ ስሌት ሲወራ ሲወራ የደረሰበት ነው። በ2021 የተሻሻለው ስሌት በወንዝ ከሚገባው ፕላስቲክ 80 በመቶውን የሚያመጡት ከአንድ ሺህ በላይ ወንዞች ተደምረው ነው ይላል፤ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በከተማ መሐል የሚያልፉ ስማቸው የማይታወቅ ትንንሽ ወንዞች ናቸው። ለእናንተ ይህ መልካም ዜና ነው። ትልቅ ወንዝን አትችሉትም፤ የሰፈር ቦይን ትችሉታላችሁ። ዝናብ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ዳርቻውን ተዉትና ቦዩን ጥረጉ። የመጀመሪያው ዶፍ የወራቱን ክምችት በአንድ ሌሊት ነው የሚያወርደው፤ ከዚያ በኋላ ዳርቻ ላይ ለመልቀም ስንት ቅዳሜ እንደሚፈጅ እናንተ ታውቁታላችሁ። አቅም ካለ ቦዩ አፍ ላይ ገመድና ተንሳፋፊ ማገጃ መዘርጋት ይቻላል፤ በየጊዜው ባዶ የሚያደርገው ሰው ከሌለ ግን ባይዘረጋ ይሻላል፤ ሞልቶ ይበጠሳልና። በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ከ2014 ጀምሮ ወንዝ አፍ ላይ የቆመው በውኃና በፀሐይ ኃይል የሚዞር ቆሻሻ ለቃሚ ጎማ ሥራው የተሳካው ቦታው ስለተመረጠ ነው። በአንጻሩ ሆላንዳዊው ቦያን ስላት ውቅያኖስን ከፕላስቲክ ለማጽዳት ያቋቋመው ድርጅት በ2018 መሐል ውቅያኖስ ላይ ያሰማራው የመጀመሪያው መሣሪያ ፕላስቲኩን መያዝ አቅቶት፣ በኋላም ተሰብሮ ተመለሰ፤ ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ የውቅያኖሱን ሥራ ሳይተው ወንዝ ላይም የሚያግድ ማሽን ማቆም ጀምሯል።

ጉዳት ስለሚያደርስ ጽዳት ባጭሩ። በትራክተር የሚጎተት መጥረጊያ አትቀበሉ፤ ቢሰጧችሁም። ከቆሻሻው ጋር የባሕር አረሙን ይጠርጋል፣ ያ አረም ደግሞ የሸርጣኑና የወፉ ማዕድ ነው፣ አሸዋውንም ይይዛል። ኤሊ በምትጥልበት ወቅት እንቁላሉን ሊጨፈልቅ ይችላል። አረሙን በእጅ አራግፋችሁ ፕላስቲኩን ብቻ ውሰዱ። ግማሹ የተቀበረ መረብ አትጎትቱ፤ የሚታየውን ቆርጣችሁ ውሰዱ። መርፌ በጓንት ብቻ አይነሣም፤ በመቆንጠጫ ተይዞ ወፍራም ክዳናም ዕቃ ውስጥ ይግባ፣ ልጆች እንዲያነሡም አይፈቀድ። ምን እንደያዘ የማይታወቅ የታሸገ ጀሪካን አትክፈቱ፤ ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ ለሚመለከተው ንገሩ።

የለቀማችሁትን የት ታደርሱታላችሁ? ከጽዳቱ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነበር፤ እኔ የተማርሁት በውርደት ነው። መጀመሪያ ያስተባበርሁት ዘመቻ ላይ ጆንያዎቹን ዳርቻው ላይ ደርድረን ፎቶ ተነሣን። መኪና እንልካለን ያሉን አልላኩም። ማታ ነፋስ ተነሣ፣ ባሕሩ ከወትሮው በላይ ሞላ። ጠዋት ስሄድ ከጆንያዎቹ ግማሹ የለም፤ የቀሩትም አፋቸው ተከፍቷል። ቆሻሻውን ጠቅልለን ለባሕሩ አስረከብነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መኪናው ቆሞ ካላየሁ የመጀመሪያውን ፌስታል አላስነሣም።

ይህ በትልቁም ያጋጥማል። ጠበቃው አፍሮዝ ሻህ በ2015 ሙምባይ ውስጥ የቬርሶቫን ዳርቻ ማጽዳት ጀምሮ በየሳምንቱ መጨረሻ ሺዎችን ያሰለፈ፣ በ2016 ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። በ2018 ማርች እዚያ ዳርቻ ላይ የተፈለፈሉ የኤሊ ጫጩቶች ወደ ባሕር ሲሄዱ ታይተዋል። እሱም ቢሆን በ2017 ኖቬምበር ሥራውን ለጊዜው አቁሞ ነበር፤ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ የተለቀመው ቆሻሻ ሳይነሣ ተቆልሎ መቅረቱ ነው። በሲሼልስ በምትገኘው የአልዳብራ ደሴት በ2019 የተደረገው ዘመቻ ደግሞ 25 ቶን ለማንሣት ወደ 225,000 የአሜሪካ ዶላር አውጥቷል፤ አብዛኛው ነገር የዓሣ ማጥመጃ ገመድና መረብ ነበር፣ ከ500 ቶን በላይም እዚያው ቀርቷል። ሰው ጉልበቱን በነጻ ቢሰጥም ማጓጓዝ በነጻ አይሆንም።

ሪሳይክል የሚለውን ተስፋ ዝቅ አድርጉት። ጨው የጠጣ፣ ፀሐይ የበላው፣ አሸዋ የገባበት ፕላስቲክን ፋብሪካ አይወደውም። ትኩስ የሆኑትን የመጠጥ ጠርሙሶች፣ ጠንካራ ክዳንና ሳጥን፣ እንዲሁም የናይለን መረብ ለብቻ ለዩ፤ ተቀባይ የሚገኘው ለእነዚህ ነው። የቀረው ወደ ተከደነና ነፋስ ወደማይበትነው የቆሻሻ መድፊያ ይሂድ። ዳርቻው ላይ እንዳታቃጥሉት። ጭሱ መርዝ ነው፣ የሚቀረው የቀለጠ ቋጥኝም ከአሸዋ ጋር ተጣብቆ ለዘለቄታው ይቀመጣል።

ስለ ካናቴራው። ጓንቱን ተቀበሉ፤ ካናቴራውን ባትቀበሉ ደስ ይለኛል፣ አንደኛ ነገር ፖሊስተር ከሆነ እሱ ራሱ ፕላስቲክ ነው፤ በታጠበ ቁጥር ቃጫ ይለቃል። ዋናው ግን ካናቴራ አያስፈልጋችሁም፣ መኪና ነው የሚያስፈልጋችሁ። ለአምራቹ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ ለአንድ ዓመት በወር አንድ ጊዜ የጭነት መኪና ስጡን፤ እኛ ደግሞ ዳርቻው ላይ የምናገኘውን የየአምራቹን ጠርሙስ በስም ቆጥረን በየሦስት ወሩ ይፋ እናደርጋለን፣ የእናንተም ይገባበታል። ከተስማሙ በደስታ አብራችሁ ሥሩ። «መቁጠሩ ይቅርና…» ካሉ ምን ሊገዙ እንደመጡ ታውቃላችሁ። አምራችን ሁሉ በጠላትነት አላይም፤ ነገር ግን ጠርሙስ ሻጩ ጠርሙስ ለቃሚውን ሲያመሰግን ፎቶው ለማን እንደሚጠቅም መጠየቅ ነውር አይደለም።

እንግዲህ ለመጪው ቅዳሜ፦ ሰዉን አትጥሩ። ሁለት ሆናችሁ ሂዱና 100 ሜትራችሁን ምረጡ፣ ምልክቶቹን ፎቶ አንሡ። ወረቀቱ ላይ ከአሥራ አምስት የበለጠ የዕቃ ዓይነት አትዘርዝሩ፣ ከበዛ ሰው ይሰለቻል፤ ቀን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ባለፉት ሦስት ቀናት ዝናብ ጥሎ እንደነበር የሚጻፍበት ቦታ ግን ይኑር። በየሦስት ቀኑ ለሦስት ወር ሞክሩትና ዝርዝሩን መልሳችሁ ላኩልኝ፤ ከየት እንደሚመጣባችሁ አብረን እናየዋለን። ወዳጅዎንም ይጥሩት። የሚለቅም ሰው አይጠፋም፣ ሁልጊዜ የሚጎድለው እርሳስ የሚይዝ ነው፤ ተጠራጣሪ ደግሞ ጥሩ ቆጣሪ ይወጣዋል።